የውሃ ቀለም ይዤ ወደ አሰበ ተፈሪ

አንባቢ ሆይ፤ ከአዲስ አበባ በማለዳ ተነሥተው የሐረርን መንገድ የያዙ እንደሆነ፣ አዳማን አልፈው፣ የመተሐራን የሸንኮራ አገዳ እርሻ ተሰናብተው፣ የአዋሽን ወንዝ ሲሻገሩ አገሩ መልኩን ይለውጣል። ሜዳው ይሰፋል፣ ሙቀቱ ይበረታል፣ ግራሩ እንደ ጃንጥላ ተዘርግቶ ከሩቅ ይታያል። ሚኤሶ ሲደርሱ ደግሞ መኪናው ፊቱን ወደ ተራራው ያዞርና ጠመዝማዛውን ዳገት ይጀምራል። ከዚያ በኋላ ብዙም ሳይቆይ፣ ከአዲስ አበባ 325 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ በጨርጨር ተራሮች እቅፍ ውስጥ የተቀመጠውን ከተማ ያገኛሉ። የዛሬ ስሙ ጭሮ ነው፤ አሰበ ተፈሪ እያሉ የሚጠሩትም ብዙ ናቸው።

እኔ በዚህ መንገድ የተጓዝሁት በኅዳር ወር መጀመሪያ ነው። በሻንጣዬ ውስጥ 12 ቀለሞች የያዘች አንዲት የቆርቆሮ ሣጥን፣ 3 ብሩሾችና አንድ ጥራዝ ወፍራም ወረቀት ነበሩ። በልቤ ውስጥ ግን አንድ ከባድ ጥያቄ ይዤ ነበር። ጥያቄውን ለእርስዎ ሳልገልጽ ጉዞውን ብተርክልዎ ታሪኩ ግማሽ ይሆናል።

እስከ መስከረም ድረስ በአዲስ አበባ በአንድ የንግድ ኩባንያ ውስጥ የሒሳብ ሹም ነበርሁ። ኩባንያው አልበደለኝም፤ ደመወዜም ከወር ወር አልጎደለብኝም። በ11 ዓመት ውስጥ ግን አንድ ክፉ አመል አደረብኝ፤ ይኸውም በሒሳብ ወረቀት ጠርዝ ላይ ሥዕል መሣል ነው። ሥዕሎቼም ቁም ነገር ያላቸው አልነበሩም። ባርኔጣ የደፋች ፍየል፣ ጃንጥላ የያዘ ግመል፣ መነጽር ያጠለቀ አውራ ዶሮ፣ እንዲህ ያሉ ናቸው። አንድ ቀን ታዲያ ለዲሬክተሮች ስብሰባ በቀረበ ወረቀት ላይ ባርኔጣ የደፋችው ፍየል ተሥላ ተገኘች። አለቃዬ ጠሩኝና እየሳቁ፣ «አንተ ሰው፣ ወይ ፍየሏን ወይ ሒሳቡን ምረጥ» አሉኝ። እሳቸው መቀለዳቸው ነበር። እኔ ግን 8 ቀን ሙሉ አሰብሁበትና ፍየሏን መረጥሁ።

አለቃዬ ደግ ሰው ናቸውና ወንበሬን እስከ ኅዳር መጨረሻ ባዶውን ሊያቆዩልኝ ቃል ገቡ። ባለቤቴ ነርስ ናት። ተቀምጠን ስናሰላው ያጠራቀምነው ገንዘብ ለቤት ኪራይና ለ2 ልጆቻችን ትምህርት ቤት ክፍያ 6 ወር እንደሚያደርሰን አየን። እሷም፣ «እንግዲያው ሂድና 12 ቀን ሥራ። ስትመለስ ግን እኔን ለማስደሰት ብለህ ሳይሆን እውነቱን ንገረኝ» አለችኝ። ልጅ ሳለሁ አባቴ በአሰበ ተፈሪ መምህር ስለ ነበር፣ የመጀመሪያዋን ፍየል የሣልሁት በዚያ ነው። ስለዚህ የምሄድበትን ቦታ ለመምረጥ አልተቸገርሁም።

ከግራር ዛፍ የሚወጣ ቀለም

ሚኤሶ ላይ ከአውቶቡሱ ወርደን ሻይ ስንጠጣ፣ ጥላ ወደሰጠን ግራር ቀና ብዬ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። የውሃ ቀለም ማለት በጥሩ የተፈጨ የቀለም ዱቄት በሙጫ ተለውሶ የደረቀ ነው። ያም ሙጫ የሚገኘው ከግራር ዝርያዎች ነው፤ በአገራችን ቆላዎችም ይለቀማል። ብሩሹ በውሃ ሲርስ ሙጫው ይሟሟና ቀለሙን ከወረቀቱ ጋር ያጣብቀዋል። ስለዚህ በሩቅ አገር ፋብሪካ ተሠርታ በውድ ዋጋ የገዛኋት ሣጥን፣ የዚህ የበረሃ ዛፍ ዘመድ ናት ማለት ነው።

ሌላም ልንገርዎ። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው የተሳሳተውን በላዩ ደርቦ ይሸፍነዋል። የውሃ ቀለም ግን ስሕተትን አይሸሽግም። በሥዕሉ ላይ ነጭ ሆኖ የሚታየው ነገር ሁሉ ሳይነካ የተተወ ወረቀት ነው። አንዴ ቀለም ከነካው ነጭነቱን መመለስ ይቸግራል። ሥራን መልቀቅም ይህንኑ ይመስላል። በሚኤሶ አጠገብ የሚያልፈውን የባቡር ሐዲድ እያየሁ ይህን ሳስብ፣ የአውቶቡሱ ረዳት «እንሂድ!» ብሎ ጮኸ።

የአውሬዎች ጨዋታ ደራሲ

አሰበ ተፈሪ ከባሕር ወለል በላይ ከ1800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለች፣ አየሯ ለስላሳ የሆነ ከተማ ናት። የምዕራብ ሐረርጌ ዞንም ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ኮረብታዎች በእርከን ተደራርበው የማሽላ፣ የጫትና የቡና ማሳ ለብሰዋል። በኅዳር ማሽላው ቀልቶ ራሱን ስለሚደፋ፣ ከከፍታ ላይ ሲያዩት ኮረብታው ሁሉ የዛገ ብረት ይመስላል። በአውራው ጎዳና ላይ ባጃጆች ይሽቀዳደማሉ፤ ጫት የጫኑ አይሱዙዎችም ጥሩምባቸውን እየነፉ ያልፋሉ። ሴቶቹ ደማቅ ብጫ፣ ብርቱካንና አረንጓዴ ሻሽ ስለሚያስሩ፣ በገበያ ቀን ለሠዓሊ የሚበቃው ቀለም ከሣጥኑ ይልቅ በመንገዱ ላይ ይገኛል።

ይህችን ከተማ ሲጎበኙ አንድ ሰው ሳያስታውሱ እንዳያልፉ እለምንዎታለሁ። ራስ ተፈሪ አልጋ ወራሽ በነበሩበት ዘመን ጨርጨር ለሌሎች አውራጃዎች አርአያ ትሆን ዘንድ ስትደራጅ፣ ገዥዋ ፊታውራሪ ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም ነበሩ። ከእሳቸውም በኋላ ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ አስተዳድረዋታል። ተክለ ሐዋርያት ከአድዋ ድል በኋላ በልጅነታቸው ወደ ሩሲያ ሄደው የመድፈኛነት ትምህርት ተምረዋል። በ1923 ዓ.ም. የታወጀውን የመጀመሪያውን ሕገ መንግሥት ካረቀቁት ዋነኛው ናቸው። የገንዘብ ሚኒስትርም ሆነዋል። በኋላም ጣልያን ሊወረን ሲዘጋጅ፣ በዤኔቭ በመንግሥታት ማኅበር ፊት ቆመው ስለ አገራቸው ተከራክረዋል።

እንግዲህ እኒህ የመድፍና የሕግ ሰው በንግሥት ዘውዲቱ ዘመን ምን ጻፉ መሰለዎ? አውሬዎች እንደ ሰው የሚነጋገሩበት ቴአትር ጻፉ። «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ይባላል፤ በአገራችን የዘመናዊ ቴአትር መጀመሪያ ተብሎ የሚቆጠረውም እሱ ነው። ተመልካቾቹ መኳንንት መጀመሪያ ላይ አውሬዎቹን አይተው ሳይስቁ አልቀሩም። ቆይተው ግን በአውሬዎቹ ውስጥ የራሳቸውን አስተዳደር አዩና ነገሩ ከቀልድ አለፈ፤ ቴአትሩም ታገደ። እኔ ባርኔጣ የደፋች ፍየል በመሣሌ ስንት ዓመት ሳፍር የኖርሁ ሰው፣ ይህን ሳስብ ትንሽ ልቤ ተጽናና። ጨዋታ የልጆች ብቻ አለመሆኑን የዚሁ አገር ገዥ ቀድመው አሳይተዋልና።

የፍየሏ ጆሮ

በሁለተኛው ቀን በገበያው ዳር ከአንዲት የሆጃ ቤት ደጃፍ ተቀምጬ ሥራ ጀመርሁ። ሆጃ ማለት የቡና ገለባ ከወተት ጋር ተፈልቶ የሚጠጣ፣ በሐረርጌ እጅግ የተወደደ መጠጥ ነው። የቤቱ እመቤት ያለ ዋጋ አንድ ጣሳ ውሃ ሰጠችኝ። እኔም በወረቀቴ ላይ ባጃጅ የምትነዳ ፍየል ሣልሁ። ከኋላዋ 3 የደነገጡ ነጋዴዎች ተሳፍረዋል፤ በስተጀርባም ቀዩ የማሽላ ኮረብታ ይታያል።

ሕፃናት ከበቡኝ፤ ሳቁም። ሳቁን ሰምተው አንድ ፍየል የሚነግዱ ሽማግሌ በትራቸውን ተመርኩዘው መጡና ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አዩ።

«ልጄ፣ ለዚህ ደመወዝ ይከፍሉሃል?» አሉኝ።

«የለም አባባ፤ ደመወዙን ትቼ ነው የመጣሁት» አልሁ።

«ፍየል ባጃጅ ስትነዳ ግድ የለኝም» አሉ ቆይተው፤ «ዘንድሮ የማይነዳ የለም። ግን ጆሮዋ ልክ አይደለም። ጆሮዋን ወደ ኋላ የለጠፈች ፍየል ፈርታለች ማለት ነው። አንተ ደግሞ አስቀሃታል። ወይ ትፍራ ወይ ትሳቅ።»

የከበቡን ሁሉ ሳቁ፤ እኔ ግን አልሳቅሁም። በ11 ዓመት ውስጥ ከ200 የማያንሱ ፍየሎች ሥያለሁ፤ የአንዲቱንም ጆሮ ተመልክቼ አላውቅም ነበር። ሽማግሌው እጄን ይዘው ወደ መንጋቸው ወሰዱኝና «በል እይ» አሉኝ። እስከ ማታ ከፍየሎች መካከል ተቀምጬ ጆሮ ብቻ ስሥል ዋልሁ። አንባቢ ሆይ፤ ተጫዋች ሥዕል የሚሣል ሰው የቀለለ ሥራ የያዘ ይመስልዎ ይሆናል፤ እኔም እንደዚያ ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። ፍየሏን ባጃጅ ላይ ለማውጣት መጀመሪያ ፍየሏን ማወቅ ያስፈልጋል። ያለዚያ ሰው የሚስቀው በሥዕሉ ሳይሆን በሠዓሊው ነው።

በኩኒ ጉም ውስጥ

ከአሰበ ተፈሪ አለፍ ብሎ ከዋናው ጎዳና የሚገነጠለው መንገድ በኩኒ በኩል ወደ በደሳና ወደ ገለምሶ ይወስዳል። በኩኒ አካባቢ ደጋው ቀዝቃዛ ነው። የኩኒ ሙክታር ተራራም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማይገኘው የደጋ አጋዘን መጠለያ ሆኖ የተከለለ ነው። እኔ አጋዘን አላየሁም፤ ጉም ግን አየሁ። በማለዳ ከጫካው ተነሥቶ መንገዱን ይሸፍነዋል። እንደዚህ ባለ አየር ውስጥ ወረቀት አይደርቅም። ሰማዩን ቀብቼ ሳልጨርስ ከተራራው ጋር ተቀላቀለ፤ ተራራውም ወርዶ ከመንደሩ ጋር ተደባለቀ። በዚያ ቀን 5 ወረቀት አበላሸሁ። የአንዱ ወረቀት ዋጋ የአንድ ምሳ ዋጋ መሆኑን ማስላት አላቆምሁም፤ የሒሳብ ሰው ነኝና።

በዚያች ሌሊት በገለምሶ ማረፊያዬ እንቅልፍ እንቢ ቢለኝ፣ ከእኔ በፊት በዚህ መንገድ የሄዱትን ሰዎች አንድ በአንድ አሰብኋቸው።

በመጀመሪያ ትዝ ያሉኝ ገብረ ክርስቶስ ደስታ ናቸው። የተወለዱት ይኸው መንገድ በሚያደርሰው በሐረር ከተማ ነው። አባታቸው አለቃ ደስታ ነጎ የቤተ ክህነት ሰውና የብራና መጻሕፍት ሠዓሊ ነበሩ። ልጃቸው በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እርሻ ማጥናት ጀምረው ነበር። በዚያ ዘመን የእርሻ ሊቅ መሆን እንጀራውም ክብሩም የተረጋገጠ ነበር። ገብረ ክርስቶስ ግን 2 ዓመት ከተማሩ በኋላ ትተውት ወደ ቀለም ዞሩ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1957 ወደ ጀርመን ኮሎኝ ሄደው ሥዕል ተማሩ። ተመልሰውም በአዲስ አበባ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሩ። ሥራቸውን «የፈረንጅ ነው» ብለው የነቀፉ ነበሩ፤ እሳቸው ግን አላቆሙም። በ1973 ዓ.ም. በአሜሪካ በኦክላሆማ ግዛት፣ ከአገራቸው ርቀው አረፉ። ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም በስማቸው ይጠራል።

ሁለተኛው አፈወርቅ ተክሌ ናቸው። በ1947 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ15 ዓመት ዕድሜያቸው ወደ እንግሊዝ አገር ሲላኩ የተባሉት የማዕድን ምሕንድስና ተማር ነበር። እሳቸው ግን በለንደን የሥዕል ተማሪ ሆኑ። በአፍሪካ አዳራሽ ያለውን 150 ካሬ ሜትር የመስታወት ሥዕል ያየ ሰው፣ አገራችን በዚህ ልውውጥ ከሰረች አይልም።

ሦስተኛው ፈረንሳዊው ፖል ጎጋን ነው። በፓሪስ በአክሲዮን ንግድ ጥሩ ገቢ ያገኝ ነበር። በ1882 ገበያው ሲወድቅ በነጋታው ዓመት ፈጽሞ ሠዓሊ ለመሆን ቆረጠ። ስሙ ዛሬ በዓለም ሁሉ የታወቀ ነው። ይሁን እንጂ ሚስቱና 5 ልጆቹ ያለ እሱ ኖሩ፤ እሱም በ1903 በፓስፊክ ውቅያኖስ ደሴት ላይ ታሞና ደህይቶ ሞተ። በሌሊቱ ጨለማ ውስጥ ያስጨነቀኝ የሥዕሎቹ ውበት አልነበረም፤ እነዚያ 5 ልጆች ናቸው።

ሲነጋ ወጣሁ። በገለምሶ የቡና ለቀማ ወራት ነበር። ቀዩ እሸት ቡና በየግቢው ተሰጥቶ ይደርቃል፤ ሽታውም መንደሩን ሞልቶታል። ጉሙ አልነበረምና ወረቀቴ በሥርዓት ደረቀ። እግር አውጥተው በሰልፍ ወደ ገበያ የሚሄዱ የቡና ፍሬዎች ሣልሁ፤ ከፊታቸውም አንዲት አሮጊት ፍሬ በምርኩዝ ትመራቸዋለች። ቡና የምትሰጣ ወጣት አየችውና፣ «ይቺ አሮጊት አያቴን ትመስላለች» ብላ በ400 ብር ገዛችኝ። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ የሸጥሁት ሥዕል እሱ ነው።

ሒርና

ወደ ዋናው ጎዳና ተመልሼ የመጨረሻዎቹን 3 ቀናት በሒርና አሳለፍሁ። ሒርና በለምለም ሸለቆ ውስጥ ያለች ከተማ ናት። በ1879 ዓ.ም. ግንቦት፣ የጨለንቆ ጦርነት ካለፈ ጥቂት ወራት በኋላ፣ ሁለት ፈረንሳውያን ከእንጦጦ ወደ ሐረር ሲጓዙ በዚህ አልፈዋል። አንደኛው ዡል ቦረሊ የተባለ አገር አሳሽ ሲሆን፣ ሁለተኛው አርቱር ራምቦ ነው። ራምቦ በጉዞ ማስታወሻው የሒርናን ሸለቆዎች፣ ጫካውንና ቡናውን አድንቆ ጽፏል። ይህ ሰው ገና በወጣትነቱ በአገሩ ቋንቋ ትልቅ ባለቅኔ ሆኖ ሳለ፣ ቅኔውን እርግፍ አድርጎ ትቶ በሐረር የቡናና የቆዳ ነጋዴ የሆነ ነው። የእኔን መንገድ በተቃራኒው ሄዷል ማለት ነው፤ ከጥበብ ወደ ሒሳብ መዝገብ።

ቀደም ብዬ ያነሣኋቸው ተክለ ሐዋርያትም ዕድሜያቸውን የፈጸሙት ከሒርና ጋር ነው። በጣልያን ወረራ ጊዜ ተሰደው ብዙ ዘመን በማዳጋስካር ከኖሩ በኋላ ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሹመቱን ሁሉ ትተው በሒርና እርሻ ይዘው ኖሩ። የሕይወት ታሪካቸውንም ጽፈው አኑረዋል፤ መጽሐፉ ከሞቱ በኋላ ታትሟል። ያረፉት በ1969 ዓ.ም. ነው። ማሳውን እያየሁ አንድ ነገር ተገለጠልኝ። እኒህ ሰው መድፉን ትተው ወደ ሕግ፣ ሕጉን ትተው ወደ እርሻ ሲሄዱ፣ ከሥራ ወደ ዕረፍት የሄዱበት ጊዜ የለም። ገብረ ክርስቶስም እርሻን ሲተዉ የመምህርነትን ሥራ ይዘዋል። እኔ ግን ከቢሮ ስወጣ፣ በልቤ ጥግ ዕረፍት ፍለጋ የወጣሁ ነበርሁ። የፍየሏ ጆሮ የተጣመመውም ስለዚሁ ነው።

በመጨረሻው ማታ እንደ ልማዴ ሒሳብ ዘጋሁ። በ12 ቀን ውስጥ 23 ሥዕል ሠርቻለሁ። ከእነዚህ ውስጥ ሳላፍር ለሰው የማሳያቸው 4 ብቻ ናቸው። የሸጥሁት 3፣ ገቢዬ 1,500 ብር፣ ወጪዬ 13,400 ብር። ማንም የሒሳብ ሹም ይህን ሚዛን ቢያይ «ዝጋው» ይላል። እኔ ግን ከዚያ በታች አንድ መስመር አሰመርሁና፣ 4ቱ ጥሩ ሥዕሎች ሁሉ የተሠሩት ከጆሮው ትምህርት በኋላ መሆናቸውን ጻፍሁ።

ስመለስ በአሰበ ተፈሪ አደርሁና ወደ ሆጃ ቤቱ ሄድሁ። ፍየሏን እንደ አዲስ ሥያት ነበር፤ ጆሮዋ ቀጥ ብሎ ወደ ፊት ዞሯል። የቤቱ እመቤት ሽማግሌውን አስጠራቻቸው። መጥተው አዩ፤ በበትራቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉና «አሁን እየሳቀች ነው» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። ሥዕሏንም ለቤቱ እመቤት ስለ ውሃው ዋጋ ሰጠኋት፤ ከሻይ መደርደሪያው በላይ ሰቀለችው።

አዲስ አበባ ገብቼ ለባለቤቴ እውነቱን ነገርኋት፤ የሒሳቡንም ወረቀት አሳየኋት። ቁጥሩን አይታ ዝም አለች። ከዚያ 4ቱን ሥዕሎች አንድ በአንድ አየቻቸውና፣ «ወንበሩን ለሌላ ሰው ይስጡት። ግን ለቤት ኪራዩ ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ። እኔም በሒርና ያሰብሁትን ነገርኋት። ዛሬ በሳምንት 3 ጧት ለትንንሽ ነጋዴዎች መዝገብ እይዛለሁ፤ የተረፈው ቀን የብሩሹ ነው። ከ6 ወር በኋላ ሒሳቡን ደግመን ልናይ ተስማምተናል።

እርስዎም፣ ውድ አንባቢ፣ ወንበርዎን ትተው ሊነሡ የሚያስቡ ከሆነ፣ ተነሡ ወይም ተቀመጡ ብዬ አልመክርዎም። ምናልባት ግን በጭሮ በኩል ያለፉ እንደሆነ፣ በገበያው ዳር ካለችው የሆጃ ቤት ጎራ ይበሉና ከመደርደሪያው በላይ ያለችውን ባለ ባጃጅ ፍየል ይመልከቷት። ከሁሉ አስቀድመው ጆሮዋን ይዩ።